ካሜራው የት ቆሟል?

የዳቦ ቤቱ ማሽን እንኳ ለትርንጎ ዳቦ የሚያቀብላት በግራ ክንዱ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ ከሰው አይቶ ነው የተማረው። ከፊቷ የነበሩት ሴትዮ ዳቧቸውን ከቀኝ ክንዱ ተቀብለው «ተባረክ» ብለውት ሄዱ። ማሽን ይመረቃል ወይ ቢባል፣ የኮልፌ ሰው በምርቃት አይሰስትም። ትርንጎ ስትደርስ ክንዱ መሀል ላይ ቆም አለ፣ ጥቂት አመነታ፣ ከዚያ ቀኙን አጥፎ ግራውን ዘረጋላት። ከኋላዋ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በቀኝ እጇ ተቀበለች።

ታክሲ ውስጥም ያው ነው። ሾፌር ከቀረ ቆይቷል፤ ረዳቱ ግን አልቀረም። አንድ ሰሞን አስቀርተውት ነበር፤ ተሳፋሪው የሚጨቃጨቀው ሰው አጥቶ መስኮት መደብደብ ሲጀምር መልሰው ቀጠሩት። ያ ረዳት ለሰው ሁሉ ቲኬቱን በቀኙ ሲሰጥ መጥቶ እሷ ዘንድ ሲደርስ እጁን ይለውጣል። አይሳደብም፣ አይገላምጣትም፣ እጁን ብቻ ይለውጣል። ፋርማሲውም፣ የቀበሌው መስኮትም፣ ጠበል የሚቀዱት ሴትዮ ሳይቀሩ እንደዚያው ናቸው። ከተማው በሙሉ ተማክሮ ያደረገው ይመስላል እንጂ ማንም አልተማከረም።

ይህን ያመጣባት «በግራሽ» የሚባል ክሊፕ ነው።

በዚያ ዘመን ተዋናይ ያለበት ክሊፕ የሚያይ ሰው የለም። ዘፋኙ የዓይን ሌንሱ ቀርጾ ያስቀረለትን የገዛ ኑሮውን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ይዘፍንበታል፤ ማኅተም ቤት ይመረምረዋል፤ ምንም ያልተጨመረበት ከሆነ ጥጉ ላይ ቀይ ማኅተም ይመታለታል። ማኅተም ያለው ክሊፕ ማስረጃ ነው። እድርም ሆነ ዳቦ ቤት፣ አሠሪም ሆነ አከራይ አይቶ ይፈርድበታል። በውስጡ የታየ ሰው «ፊቴን ማን ፈቀደልህ?» ብሎ አቤት ያለ እንደሆነ፣ ማኅተም ቤቱ በር ላይ በትልቁ የተጻፈውን ያሳዩታል፦ እውነት ባለቤት የለውም።

ትርንጎ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሥራዋ ክሊፕ ማንበብ ነበር። የቀትሩ ፕሮግራም ላይ ተቀምጣ የሳምንቱን ክሊፕ ታቆማለች፣ ታስኬዳለች፣ ሰው እያየ ያላየውን ታሳየዋለች። ይቺ ልጅ ለምን ከታች ወደ ላይ ተቀረጸች? ይኸ ጎረምሳ ሲዘፍን ፊቱ የቀረበው፣ ሲዋሽ ጀርባው የታየው ለምንድን ነው? ሁልጊዜ የምትጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ካሜራው የት ቆሟል?» ትላለች። «የሚታየውን ተዉት። የሚያየው ሰው የት ቆሟል? ቆሞ ነው ተቀምጦ? ለምን ከዚያ አልተነሳም?» አገሩ ይህን አባባል ወዶት ነበር። አምሽቶ የገባ ባል ሰበብ ሲደረድር ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እሺ፣ ካሜራው የት ቆሟል?» ትለዋለች፣ ይሳሳቃሉ።

ዮፍታሔ ገረመው የእሷ ተማሪ ነበር ማለት ይቻላል። እንግዳ ሆኖ ፕሮግራሟ ላይ መጣ፣ ወንበሩን ወዶ ቀረ። ብርሃን መጠበቅን፣ አለመቁረጥን፣ ዝም ብሎ ማየትን ያስተማረችው እሷ ናት። ሽማግሌ ልኮ ቀለበት አሰረላት። እናቷ እማማ አስካለ በታመሙ ማግስት ግን እግሩ ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ፣ ከዚያ «በግራሽ» ወጣ።

ክሊፑ እንዲህ ነው። ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይታያል፣ በጣም ቀርቦ። ብርጭቆውን የያዘው የሴት እጅ ነው፣ ግራ እጅ። ሴትየዋ የምትሰጠውን ሰው አታይም፤ ፊቷ ወደ በሩ ዞሯል። ፊቷ የትርንጎ ነው። ከፍሬሙ ሥር አንድ እጅ ብርጭቆውን ይቀበላታል። ነጠላዋን አንስታ ትወጣለች፣ በሩ በደንብ አልተዘጋም። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ብቻ ነው። የመስኮቱ ብርሃን ከግድግዳው ግርጌ ተነስቶ በዝግታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀላል፣ ጣሪያው ጋ ደርሶ ይጠፋል። በብርሃኑ መሀል የአንዲት ቅጠል ጥላ ይንቀጠቀጣል፣ ይወዛወዛል፣ ደከም ይላል፣ ይወድቃል። ዮፍታሔ በዚያ በተሰበረ ድምፁ ይዘፍናል፦

ውሃ ለምኜሽ በግራሽ ሰጠሽኝ፣
ጀርባሽን አዙረሽ ለግድግዳ ተውሽኝ።

አገር አለቀሰ። «ለበሽተኛ ውሃ በግራ እጅ!» አለ ሰው፤ ለጠላት እንኳ የማይደረግ! ቅጠሏ ደግሞ ፋሽን ሆነች። ሙሽሮች ቀሚሳቸው ላይ አስጠለፏት፣ ኮረዶች አንገታቸው ላይ ተነቀሷት። ትርንጎን ፕሮግራሙ አሰናበታት። ያን ክሊፕ ግን አላየችውም። ዘፈኑን መንገድ ላይ ትሰማለች፣ ስክሪን ሲበራ ዓይኗን ትጨፍናለች። የአገሩን ክሊፕ ሁሉ ያነበበች ሴት የራሷን አንድ ክሊፕ ማየት አቃታት።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አሰግድ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ በግሌ ምንም የለኝም» አሉ። «ግን ማኅተም ያለው ነውር ነው። ደንቡ ይከለክለናል፤ ከእድሩ ተሰርዛችኋል።»

«እናቴስ ጋሽ አሰግድ? እናቴ ምን አጠፋች? ዕድሜዋን ሙሉ የማን ለቅሶ ላይ ቀርታ ታውቃለች?»

«አባልነቱ በቤት ነው እንጂ በሰው አይደለም።» ቆባቸውን አዟዟሩት። «አይዞሽ። ሁሉም ያልፋል።»

እማማ አስካለ ከአልጋቸው ሆነው ሰምተዋል። መናገር አይችሉም ነበር፤ ያ ሕመም አንድ ጎናቸውን ከነአንደበታቸው ወስዶታል። በጎረቤት መስኮት «በግራሽ» ሲዘፈን የቀረችላቸውን እጅ ወደ ላይ ያነሳሉ። ጣቶቻቸው ተዘርግተው ይንቀጠቀጣሉ።

«ውሃ ነው እማዬ?» ትላለች ትርንጎ።

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አይደለም።

«ላዙርሽ? ብርድ ነው?»

አይደለም። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ይወርዳል። ዘፈኑ ሲያልቅ እጃቸው ይወድቃል። ዘፈኑ ልጃቸውን ስለሚሰድብ ያመማቸው እየመሰላት ትርንጎ መስኮቱን ትዘጋለች።

እናቷ የሞቱ ዕለት ድንኳን አልተተከለም። የሞተባት እሷ፣ መርዶ አርጂዋም እሷ፣ ቀባሪዋም እሷ። የማዘጋጃ ቤቱ ጋሪ መጣ። ሬሳ ጭኖ ብቻውን የሚሄድ ጋሪ ነው፣ ቀስ ይላል፣ መብራት ያከብራል። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ካለው የድንጋይ ደረጃ ሲደርስ ቆመና በትሕትና «ከዚህ በላይ አልወጣም። መጽናናት ይሁንልዎ» አለ። ሳጥኑ አራት ትከሻ ይፈልጋል። አንዱን ጫፍ ቄሱ ያዙ፣ አንዱን ጉድጓድ ቆፋሪው፣ አንዱን ትርንጎ። አራተኛው ጫፍ ጋሪው ላይ ቀረ። ሴት ልጅ የእናቷን ሬሳ ተሸክማ የምታልፍበት፣ የሚያግዛት ሰው የሚጠፋበት ቀን ይመጣል ብሎ የኮልፌ ሰው በሕልሙም አላሰበ።

ያኔ በበሩ በኩል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እየተደገፉ መጡ። የዮፍታሔ አባት ጋሽ ገረመው ናቸው። በትራቸውን ግንቡ ላይ አስደገፉ፣ ጎንበስ ብለው ትከሻቸውን ከሳጥኑ ሥር ከተቱ።

«ለልጄ ይቅርታ ልጠይቅልሽ አልመጣሁም» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «አስካለን ልቀብር ነው የመጣሁት። በይ ተነሺ።»

በየደረጃው እየቆሙ ወጡ። ሳጥኑን አንዴም ድንጋይ አላስነኩትም።

ከቀብር መልስ ቤቱ ጭር አለ። ለቅሶ ደራሽ የሌለበት ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ምን ይሠራል? ትርንጎ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ ደጁን አየች፣ ግድግዳውን አየች። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ክሊፑን ያው ግድግዳ ላይ ከፈተችው። ማኅተም ቤት ክሊፑን ከነሙሉ ጥሬ ቅጂው ለማንም አመልካች ይሰጣል፤ ሕጉ ነው። መጀመሪያ ያየችው በጥላቻ ነበር፣ ምንም አልታያት። ደግማ ከፈተችው፤ በዚህኛው እንደ ሥራዋ፣ እንደ ሌላ ሰው ክሊፕ።

ካሜራው የት ቆሟል?

እጁ መጀመሪያ ጎረበጣት። በዕድሜዋ ለማንም ምንም በግራ እጇ ሰጥታ አታውቅም፤ አስካለ ያሳደገቻት ልጅ ትቅርና፣ አስካለ ድመቷንም በግራ አታበላም ነበር። እንግዲያው ምስሉ ተገልብጧል። መልሳ ገለበጠችው። በሩ ወደ ቀኝ መጣ፣ መስኮቱ ወደ ግራ፣ ቁም ሣጥኑ ወደ ቦታው። አሁን የተቀመጠችበት ቤት ነው። የእናቷ ቤት!

ከዚያ ከፍታውን አየች። የተኛ ሰው ዓይን ከፍራሹ እኩል ነው፣ ዓለምም ያዘመመች ናት። ይኸ ዓይን ግን ቀጥ ብሏል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ የጤነኛ ሰው ዓይን ነው። ብርጭቆውን ከሥር የተቀበለው እጅ የዮፍታሔ አይደለም፤ የቆዳው ሽብሽብ በብርሃን ተሸፍኗል እንጂ የአሮጊት እጅ ነው።

ያቺ ቀን መጣችባት። እናቷ በድንገት ጎናቸው ዛለ፣ ውሃ አሉ፣ ሰጠቻቸው። አምቡላንሱ ሰው የለበትም፤ ጠባብ ቅያስ አልገባም ብሎ አስፋልት ላይ ቆሟል። «ሂጂ አምጪው፣ እኔ አለሁላት» አላት ዮፍታሔ፣ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ። እየሮጠች ወጣች። አምቡላንሱን ስትለምን፣ ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ስትፈልግ ፀሐይ ጠለቀች። ስትመለስ ዮፍታሔ ተንበርክኮ የእናቷን እጅ ይዞ ነበር፤ «አሁን ነው የባሰባት፣ አሁን በዚህች ደቂቃ» አላት። አመነችው።

ግድግዳው ላይ ብርሃኑ ይወጣል። አልተቆረጠም፣ የተፋጠነ ብቻ ነው። ብርሃን ከግርጌ እስከ ጣሪያ እስኪደርስ ካሜራው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ቅጠሏ ትወዛወዛለች። ትርንጎ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከመስኮቱ ውጭ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ቅጠል የሚባል ነገር እዚያ ኖሮ አያውቅም።

አዘገመችው። እስከ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ድረስ አዘገመችው። ቅጠሏ አምስት ጣት ሆነች።

እናቷ እጃቸውን አንስተው ይጣራሉ። ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ፣ እንደገና ያነሳሉ። ካሜራው ያያል። መጨረሻ ላይ እጁ ይወድቃል፣ አይነሳም።

«ውሃ ነው እማዬ?» ስትል የኖረችው ትዝ አላት። ሲነግሯት ነበር። በዘፈነ ቁጥር ሲነግሯት ነበር!

አላለቀሰችም። መጀመሪያ ያሰበችው ቢላዋ ነው፤ ሐሰት ምን ይሠራል። የወጥ ቤቱን ቢላዋ አንስታ ክብደቱን በእጇ መዘነችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። በቢላዋ የሞተ ሰው ቀባሪ አያጣም፤ እሷ ደግሞ የምትፈልገው ቀባሪ እንዲያጣ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «ቆይ ብቻ» አለች ለግድግዳው። «ቆይ፣ አነብሃለሁ።»

የማኅተም ቤቱ አዳራሽ ትርንጎ አቤት ብላ ያስያዘችው ንባብ በሚሰማበት ቀን ጢም ብሎ ነበር። ዮፍታሔ ነጭ ለብሶ፣ ኮሌታው ላይ ቅጠሏን አስጠልፎ መጣ። ፊት ረድፍ የተቀመጡት ሴቶች ግማሾቹ ቀሚስ ላይ ያቺው ቅጠል አለች። ጋሽ ገረመው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። ትርንጎ አየቻቸው፣ ዓይኗንም መለሰች።

እንደ ድሮው በቀትሩ ፕሮግራም ድምፅ ጀመረች። «ካሜራው የት ቆሟል?» አንዳንዱ በልማድ ሳቀ። ምስሉን ገለበጠችው፤ ሳቁ ቀነሰ። ከፍታውን አሳየች፣ ወንበሩን አሳየች፣ ብርጭቆውን የተቀበለውን እጅ አሳየች። «የታመመው ዘፋኙ አይደለም» አለች። «የታመመችው እናቴ ናት። ብርጭቆው የተሰጠው ለእሷ ነው፣ በቀኝ እጅ።» ከዚያ ብርሃኑን አዘገመችው።

አዳራሹ ቅጠሏ የሰው እጅ መሆኗን ለየ። ፊት ረድፍ ያለች አንዲት ወጣት ቀሚሷን ቁልቁል አየች፣ ቅጠሏን በመዳፏ ሸፈነቻት። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ ነጠላቸውን ጥልፉ ላይ ጎትተው «ወይኔ! ወይኔ እናቴ!» አሉ።

ዳኛዋ ወደ ዮፍታሔ ዞሩ። «የሚሉት ካለ?»

ዮፍታሔ ተነሳ። «ምንም አልጨመርኩም» አለ። «መገልበጥ መጨመር አይደለም። ይኸ ሕጉ ላይ አለ።»

«እኔ ልጠይቀው?» አለች ትርንጎ።

ዳኛዋ ፈቀዱ።

«እጇን ስታነሳ አይተሃታል?»

ኮሌታው ላይ ያለችውን ቅጠል በጣቱ ነካ።

«ዮፍታሔ፣ እኔ ነኝ። አይተሃታል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተነሳህም?»

ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ። እውነቱን ሲናገር ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ብርሃኑ… እንደዚያ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም ትርንጎ። አንቺው ነሽ ጠብቅ ያልሽኝ፣ አትቁረጥ ያልሽኝ። አንዴ ብቻ፣ ጣሪያው እስኪደርስ ብቻ ብዬ… ብነሳ ፍሬሙ ይበላሽ ነበር።»

ዳኛዋ ብዙ አልቆዩም። ክሊፑ ላይ ምንም እንዳልተጨመረ፣ ማኅተሙም እንደማይነሳ አስታወቁ። «የነውሩ ባለቤት ብቻ ተለውጧል» አሉና ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ክሊፑ ትርንጎ እንደገለበጠችው ተገልብጦ፣ እንዳዘገመችው ዘግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየታክሲው ይታይ ጀመር።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ማሽኑ በቀኝ ክንዱ ሰጣት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ደግሞ ለመቀበል ብላ ሌላ ዳቦ ጠየቀች፣ የማትበላውን።

የዮፍታሔን ነገር ደግሞ ሰው ይዞት ይመጣላት ነበር። ኮንሰርቱ ተሰረዘ፣ ያከራዩት ልቀቅ አሉትና አባቱ ቤት ገባ፣ ሱቅ ሲሄድ መንደሩ ሁሉ እጁን አንስቶ ጣቱን እያርገበገበ ያሳየዋል። «የእጁን ነው ያገኘው» ይሏታል። እሷም «ገና ነው» ትላለች። ማታ ብቻ ሳይሆን ቁርስ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ፊቷን ስትታጠብ የምታስበው እሱን ብቻ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እንኳ ከንፈሯ ስሙን ይጠራል፣ ለበጎ ግን አይደለም።

ጋሽ አሰግድ እንደገና መጡ፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው። ዛሬ ገቡ፣ ተቀመጡም።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ወደ እድራችን ተመልሰሻል። የእናትሽን ሙት ዓመት እኛው ነን የምናወጣው።»

«እድሩ ዮፍታሔን ምን አደረገው?»

«ተሰርዟል እንጂ! ማኅተም ያለው ነውር አይደል?» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያው እንግዲህ፣ አባትየውም አብረው ወጡ። አባልነቱ በቤት ነው።»

ትርንጎ ግንቡ ላይ የተደገፈ በትር ታያት። የሽማግሌው ትከሻ ሳጥኑ ሥር ሲገባ የተሰማው «እህ» የሚል ድምፅም ተሰማት። አንድ ቃል ብትናገር ጋሽ አሰግድ ደንብ የሚያጣጥፉበት መንገድ አያጡም ነበር፤ ለዚህም ይመስላል ዓይን ዓይኗን ያዩዋት።

«ደንብ ደንብ ነው» አለች።

ክረምቱ እንደወጣ ጋሽ ገረመው ሞቱ። ትርንጎ ጠዋት ሰማች፣ ጥቁሯን ለበሰች፣ ሌንሷን አጠበች። ቤተ ክርስቲያኑ ስትደርስ ጋሪው ደረጃው ሥር ቆሞ «ከዚህ በላይ አልወጣም» እያለ ነበር። ዮፍታሔ አንድ ጫፍ ይዟል፣ ቄሱ አንድ፣ ጉድጓድ ቆፋሪው አንድ። ሌላ ሰው የለም። ዮፍታሔ ከስቷል፤ ጥቁር ኮቱ የሰው መስሏል።

አያት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በራ።

«ትርንጎ… መጣሽ?» አለ። «እግዜር ይስጥሽ። አንድ ትከሻ ጎድሎናል።»

የት መቆም እንዳለባት ከሩቅ ሳለች ነው የመረጠችው። ደረጃው ሽቅብ ሙሉውን የሚታይበት፣ የጠዋቱ ፀሐይ ከጀርባዋ የሚመጣበት፣ የዮፍታሔ ፊት ከአባቱ ሳጥን በላይ የሚወጣበት ቦታ። እዚያ ቆመች፣ እጆቿን አጣመረች።

«ልጄ» አሉ ቄሱ። «አረጋዊ ናቸው። ያን ቀን ረሳሽው?»

አልረሳችውም። እግሯ ሊነሳ ቃጣው። አንድ እርምጃ ብትራመድ ግን ፍሬሙ ይበላሻል። እግሯን ተከለችው።

ዮፍታሔ የሚያስበውን አስቦ ጨረሰና ጎንበስ አለ። ሳጥኑን በሦስት ትከሻ አነሱት። አራተኛው ጫፍ ደረጃው ላይ እየተጎተተ፣ በየድንጋዩ ጓ፣ ጓ እያለ ወጣ። መሀል ላይ ሸርተት ብሎ ማዕዘኑ ድንጋዩን መታ፣ እንጨቱ ተሰነጠቀ። ዮፍታሔ «አባዬ! አባዬን!» ብሎ ጮኸ። ትርንጎ ዓይኗን አልሰበረችም። ሳጥኑ ከደረጃው አናት እስኪሰወር ድረስ አየች።

ዘፈን አልጨመረችበትም። አልቆረጠችም፣ አልገለበጠችም፣ አላፋጠነችም። ርእሱን «መልስ» አለችው። ማኅተም ቤት በዕለቱ መታላት።

ሳምንት ሳይሞላው ያላየው ሰው አልነበረም። አዲሱ የቀትር ፕሮግራም አንባቢ «አንድም ቦታ ያልተቆረጠ!» እያለ አመሰገናት። እንዲህ ያለ በቀል ታይቶ አይታወቅም ተባለ። ትርንጎም ተኝታ አደረች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዛሬ ነው እንቅልፍ የሚባል ነገር ያየችው። «አወጣሁልሽ እማዬ» አለች ጠዋት ስትነሳ፣ ለባዶው አልጋ።

በዚያው ጠዋት ታክሲ ተሳፈረች፣ በነጠላዋ እንደተሸፋፈነች። ረዳቱ በቀኙ ቲኬት ሰጣት። ከእያንዳንዱ ወንበር ጀርባ «መልስ» በርቷል። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት፣ ዘንቢል ያቀፈች ነጋዴ፣ አፏን ይዛ ታያለች።

«የእጁን አገኘ!» አለች ለትርንጎ፣ ማን መሆኗን ሳታውቅ። «ተጎተት! አንተ ጨካኝ፣ ተጎተት!»

«አዎ» አለች ትርንጎ።

ሳጥኑ ድንጋዩን መታ። «አባዬን!» አለ ዮፍታሔ። ነጋዴዋ ዘንቢሏን ለቀቀችው።

«ቆይ እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ሰው ነው የጎደላቸው። አንድ ሰው ብቻ!» ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ፊቷ ተለወጠ። «ካሜራው የት ቆሟል?»

ረዳቱ ዞረ። ከኋላ አንድ ሰው ምስሉን አቆመ፣ መለሰ፣ አዘገመው፤ ትርንጎ ራሷ አገሩን እንዳስተማረችው። ፀሐይዋ ከጀርባ ነበረች። የዮፍታሔን ፊት ስታይ ያላየችው ነገር ከፍሬሙ ግርጌ ተጋድሟል። የቆመች ሴት ጥላ ነው። እጆቿን አጣምራለች። ጥላው ደረጃውን ወጥቶ፣ ጫፉ ባዶው የሳጥን ማዕዘን ላይ፣ ትከሻ መሆን ባለበት ቦታ ላይ አርፏል።

«አልተነሳችም» አለች ነጋዴዋ። «ቆማ ታያለች።»

ትርንጎ ከመውረጃዋ በፊት ወረደች። ረዳቱ በሩን ሲከፍትላት እጁን ይለውጥ አይለውጥ አላየችም።

ዳቦ ቤቱ ጋ ሰልፍ ነበር። ከፊቷ የነበሩት ሽማግሌ በቀኙ ተቀብለው ማሽኑን መርቀውት ሄዱ። ተራዋ ደረሰ። ክንዱ ዳቦውን ይዞ ወጣ፣ መሀል ላይ ቆም አለ፣ አመነታ። ወሬው ገና እዚህ አልደረሰ ይሆናል፤ ደርሶም ይሆናል። ከኋላዋ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ማሽኑ ወስኖ ሳይጨርስ ትርንጎ ግራ እጇን ዘረጋች።